ከፊት ለፊት የሚሰጥ ምክር

በወደብ ከተማዋ በፎርት ኮቺ ለመንገድ የተነሣን ሰው ከኋላው የሚጠራ የለም። መንገዱ ይበላሻል። በስሕተት የተጠራ ሰው ያለው መላ አንድ ብቻ ነው፤ ይመለሳል፣ ይቀመጣል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ከዚያ ገና አሁን እንደሚወጣ ሰው እንደገና ይነሣል። አባ ሌዮን አንድ እሑድ ይህ ከንቱ እምነት ነው ብለው በስብከታቸው አብጠልጥለውት ነበር። ቅዳሴው አልቆ ከቤተ ክርስቲያኑ ሲወጡ ግን ዘበኛው «አባ! መነጽርዎን!» ብሎ ከኋላ ጠራቸው። ተመልሰው ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ውኃ ሲጎነጩ መቲልዳ በዓይኗ አይታለች።

ለሌላው ሰው ይህ ቀላል ነገር ነው። ለመቲልዳ ግን ፈተና ነበር፤ ዋናው ምክር ሁልጊዜ ትዝ የሚላት ሰውዬው ጀርባውን ከሰጣት በኋላ ነዋ። ቤት ውስጥ እያለ የነገረችው ሁሉ፣ ስለ ውሻው፣ ክዳን ስለሌለው ቱቦ፣ ስለ አውቶቡሱ ሾፌር፣ ለካ ማሟሟቂያ ኖሯል። ስለዚህ መላ ዘየደች። ሰው በፊት በር ሲወጣ እሷ በጓሮ በር ትወጣለች፤ የጎረቤቷን የአግነስን ግቢ ታቋርጣለች፤ ከተሰጣው ልብስ ሥር ጎንበስ ብላ ታልፍና መታጠፊያው ላይ ከፊት ለፊት ድቅን ትላለች፣ እያለከለከች።

ባሏ በሕይወት ሳለ በየጠዋቱ እዚያው መታጠፊያ ላይ ሲያገኛት «ዛሬ ደሞ በምን ልትገድይኝ ነው?» ይላት ነበር። መጨረሻ የሞተው አልጋው ላይ ተኝቶ ነው። ስለ አልጋ ብቻ አስጠንቅቃው አታውቅም።

አሁን የቀረቻት አንድ ልጅ ናት፣ ጂንሲ። ጂንሲም ያን ቀን ጠዋት ፀጉሯን እያሰረች ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመችና፣

«እማ፣ ዛሬ ያንቺ ሥራ ምሳ ነው፤» አለቻት። «ምሳ ብቻ። ምክር የለም።»

«እኔ ደሞ ማንን መክሬ አውቃለሁ?»

«አሁን ወተት አምጪውን።»

«ሁለት እጁን ለቆ ነዋ ብስክሌቱን የሚነዳው!»

«ትናንት ሐኪሙን።»

«ሐኪም ሆኖ በዝናብ ያለ ጃንጥላ ሲሄድ ዝም ልበለው?»

«እማ፣ ስሚኝ።» ጂንሲ ቀረብ ብላ የእናቷን ሁለት እጆች ያዘች። የመቲልዳ እጆች ዓሣ ዓሣ ይሸቱ ነበር። «ዛሬ ከመርከቡ የሚወርዱት ባልና ሚስት ናቸው፣ የኖርዌይ ሰዎች። ከተማውን አሳይቼ፣ እዚህ ምሳ አብልቼ፣ መሰላሉ ሳይነሣ መርከባቸው ላይ ካደረስኳቸውና ደስ ካላቸው ሱሺላ ማዳም ቋሚ ታደርገኛለች። ካልሆነ ለሙስካት እሺ እላለሁ። ሌላ የምጠብቀው ሥራ የለኝም።»

ሱሺላ ማዳም መርከብ በመጣ ቁጥር ለእንግዶች አገር አሳዪ የምትመድብ ሴት ናት። ሙስካት ደግሞ የጂንሲ የአክስት ልጅ ሥራ ያገኘችላት ከተማ ነው። መቲልዳ ሙስካትን አይታው አታውቅም፤ ነገር ግን አብጠርጥራ ታውቀዋለች። ሙቀቱ ሰው ያቀልጣል። የገበያ አዳራሹ ተንቀሳቃሽ ደረጃ የሴት ቀሚስ ነክሶ ይጎትታል። መኪናውን ሁሉም እንደ እብድ ነው የሚነዳው። ከሁሉ የከፋው ግን፣ ወደ ሙስካት የሚበርን አውሮፕላን የአግነስን ግቢ አቋርጦ መቅደም አይቻልም።

«አፌን እዘጋለሁ፤» አለች።

«ማዪልኝ።»

«በአባትሽ አጥንት።»

ውጭ የባጃጅ ጥሩምባ ጮኸ። ሱልፊ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ እንግዶቹን የሚያመላልሰው ባለባጃጅ። አንገቱን በመስኮት አስግጎ፣

«ቼቺ!» አለ፤ ሰፈሩ በሙሉ መቲልዳን ታላቅ እህቴ፣ ቼቺ፣ ነው የሚላት። «ዛሬ አፍሽ ታሸገ የሚባለው እውነት ነው?»

መቲልዳ የኋላ ጎማው ማለቁን አየች። አፏን ከፈተች። የባሏ አጥንት ትዝ አላትና መልሳ ዘጋችው።

«ኧረ እውነት ነው!» አለ ሱልፊ፣ እየሳቀ።

እንግዶቹ በምሳ ሰዓት መጡ። ኦድቫር የመብራት ምሰሶ የሚያህል ሽማግሌ ነው። ሚስቱ ሲግሩን ክብ፣ ፊቷ በፀሐይ የቀላ፣ ዓይኗ የማያርፍ አሮጊት ስትሆን፣ ከአንገቷ እስከ ጉልበቷ የሚደርስ አረንጓዴ ሻርፕ ለብሳለች። ሽማግሌው ስለ አየሩ እያወራ በቀጥታ ወደ በሩ መጣ። የመቲልዳ በር ጉበን ዝቅ ያለ ነው። መቲልዳ ጉበኑን አየች፤ የሰውዬውን ግንባር አየች፤ ሁለቱ ሲቀራረቡ አየች። ከንፈሯን ነከሰች።

ጓ!

ጂንሲ ወደ እናቷ ዞረች።

«ምንም አልተናገርኩም፤» አለች መቲልዳ በኩራት።

ግንባሩ ላይ በረዶ ተደርጎለት ገበታው ቀረበ፤ በኮኮናት ወተት የተሠራ ዓሣ፣ የካሳቫ ቅቅል፣ መቲልዳ ራሷ በቅመምና በዘይት ዘፍዝፋ ያዘጋጀችው የጥሬ ማንጎ አቻር። መቲልዳ ቃሏን ጠበቀች። የሚናገረው እጇ ብቻ ነበር። ኦድቫር ዓሣውን ሊጎርስ ሲል ከሳህኑ ላይ እሾኹን ትለቅምለታለች። ሲግሩን ወደ ቃሪያው ስትጠጋ ቃሪያው ይሸሻል። የወንበሩን እግር በእግሯ ደግፋ ይዛለች፤ ያ ወንበር ከዚህ በፊት አንድ አማች ጥሏል።

«እናትሽ ትንሽ አሟቸው ነው?» ብላ ሲግሩን ጂንሲን በሹክሹክታ ጠየቀቻት።

«ዓይን አፋር ነች፤» አለች ጂንሲ። ሱልፊ ውኃ ትን አለው።

ያኔ ነው ከውጭ ፍስስስ የሚል ድምፅ የተሰማው። የባጃጁ የኋላ ጎማ መሬት ላይ ተኝቷል። ሱልፊ ራሱን ያዘ። መቲልዳ ኮርኒሱን ተመለከተች። ጂንሲና ሱልፊ ጎማውን ፈትተው እያንከባለሉ ወደ ጎሚስታው ሲሄዱ፣ ጂንሲ ከበሩ ላይ ለእናቷ ጣቷን አሳየቻት። ቃል አላስፈለጋትም።

ሦስቱ ብቻቸውን ቀሩ።

«ከምሳ በኋላ ባሕሩ ዳር ሄደን እነዚያን በድንጋይ ሚዛን የሚነሡ ትልልቅ የዓሣ መረቦች ማየት እንፈልጋለን፤» አለች ሲግሩን። «ልናውቀው የሚገባ ነገር ይኖር ይሆን?»

መቲልዳ በሩን አየች። ማንም የለም። ደግሞስ ሰውን ሳይጠይቅ መምከር ሌላ፣ የተጠየቁትን መመለስ ሌላ። ተጠይቆ ዝም የሚል ሰው ስድ ይባላል። የባሏ አጥንትም ቢሆን ስድ ሁኚ አላላትም።

«አንድ ነገር ብቻ፤» አለች በዚያች በወደብ እንግሊዝኛዋ።

አንድ ነገር አልነበረም።

«ከኮኮናት ዛፍ ሥር አይቁሙ። ፍሬው ሲወድቅ ድምፅ የለውም፤ ድምፁ የሚሰማው ራስ ላይ ሲደርስ ነው። መረቦቹ ጋ ደግሞ በላይዎ የተንጠለጠሉት ድንጋዮች ለጌጥ አይደሉም፤ መረቡ ሲነሣ ይወርዳሉ። ዓሣ አጥማጆቹ ‹ገመዱን አብራችሁን ሳቡ› ይሏችኋል፤ ገመዱን የያዘ ሰው እነሱ ካልለቀቁት አይለቅም። ቁራው ሌባ ነው። ባለፈው የአንዲት እንግዳ መነጽር ወስዷል። መንገድ ላይ የተኛውን ቡናማ ውሻ አይለፉት፣ ይዙሩት። ‹ከየት አገር ነዎት?› ብሎ የሚጠይቅ ሁሉ እዚያ አገር ወንድም አለው፤ የሉም ወንድሞቹ። ሱልፊ ጥሩ ልጅ ነው፣ በእጄ ነው ያደገው፤ ግን ‹ማየት ብቻ› ብሎ ቅመም ቤት ይወስድዎታል። ማየት ብቻ የሚባል ነገር የለም። ቀረፋ ያሸትቱዎታል፣ ሻይ ያጠጡዎታል፣ ከዚያ ምንጣፍ ተሸክመው ይወጣሉ። እሱ ደሞ በወሰደው ሰው ልክ ነዳጅ ይሞሉለታል። በረዶ ያለበት ጭማቂ አይጠጡ። በረዶ የሌለበትም ቢሆን...»

ትንፋሽ ልትወስድ ቆመች። ባልና ሚስቱ ትኩር ብለው ያዩዋታል። አለቀ፣ አለች በልቧ፤ አስደነገጥኳቸው፤ አሁን ተነሥተው ወደ መርከባቸው ይሄዳሉ፤ ልጄም ወደ ሙስካት።

የሲግሩን ዓይን ግን ያበራ ጀመር። «ኦድቫር፣ ሰማህ?» አለች። «ቁራው መነጽር ይወስዳል!»

«ድንጋዩ ይበልጣል፤» አለ ኦድቫር።

«በየወደቡ ስንደርስ የሚነግሩን አንድ ነገር ነው፤ ከተማው ውብ ነው፣ ሰዉ እንግዳ ተቀባይ ነው፣» አለች ሲግሩን ወደ መቲልዳ ተጠግታ። «በኛ ዕድሜ ያለ ሰው ላይ የሚደርሰው ሁሉ ደርሶ ያለቀ ነው የሚመስላቸው። እስቲ ይንገሩኝ፣ ከሁሉ የሚያስፈራው የቱ ነው?»

መቲልዳ ጥያቄው በጣም ከባድ ሆነባት። ውሻውን ከጭማቂው፣ ጭማቂውን ከኮኮናቱ ጋር በልቧ አመዛዘነች።

«መረቦቹ፤» አለች በመጨረሻ።

«እንግዲያው ከዚያ እንጀምር!»

ጂንሲና ሱልፊ ጎማውን አስጠግነው ሲመለሱ እንግዶቹ ባርኔጣቸውን አድርገው ደጅ ቆመዋል። መቲልዳ ጃንጥላዋን እንደ ጦር ይዛ ከፊታቸው ቆማለች።

«እማ! ምን አልሻቸው?»

«ጠየቁኝ።»

«ማለሽ ነበር!»

«እንዳልመክር ነው የማልኩት። ስድ እንድሆን አልማልኩም።»

«ስለ ቅመም ቤቱ ነገርሻቸው እንዴ?» አለ ሱልፊ፣ የሽማግሌውን ጥቅሻ አይቶ። «ቼቺ! እንጀራዬን!»

«ጎማህን ብትቀይር ኖሮ ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻቸውን አላገኛቸውም ነበር።»

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ መቲልዳን በሕይወቷ አልቧት እንደማያውቅ አላባት። አታድርጉ ያለቻቸውን አንድም ሳያስቀሩ አደረጉት። ሲግሩን ከኮኮናት ዛፍ ሥር ቆማ ወደ ላይ አንጋጠጠች፤ መቲልዳ ጃንጥላዋን ዘርግታ በራሷ ላይ ያዘችላት። ቡናማውን ውሻ ኦድቫር በረጅም እግሩ አለፈው፤ ውሻው አንድ ዓይኑን ገልጦ መልሶ ተኛ። ቁራው መጥቶ ከሽማግሌው እጅ ቁራጭ አናናስ መንጭቆ ሲበር፣ ሽማግሌው ሽልማት እንደተሰጠው ሰው አጨበጨበ። «ከየት አገር ነዎት?» ላላቸው ሰው ሁሉ ሲግሩን ቀድማ «ወንድምዎ ደኅና ነው፣ ሰላም ብሎዎታል!» ትላለች። አንዱ ባለሱቅ ግራ ገብቶት እግዜር ይስጥልኝ አለ።

መረቦቹ ጋ ሲደርሱ ደግሞ ዓሣ አጥማጆቹ ገና ሳይጋብዟቸው ሲግሩን ገመዱን ያዘች። ኦድቫር ከኋላዋ ያዘ። መቲልዳ ኦድቫርን በቀበቶው ያዘችው። ድንጋዮቹ እየተወዛወዙ ወረዱ፤ መረቡ ከባሕሩ ውስጥ ውኃ እያንጠባጠበ ተነሣ። የተያዘው ጥቂት ሰርዲንና አንድ የግራ እግር ነጠላ ጫማ ነበር።

«ቼቺ፣ ፈረንጅ ማጥመድ ጀመርሽ?» አላት አንዱ አጥማጅ።

«አንተ ድንጋዩን ጠብቅ!»

ጂንሲ ሰዓቷን አየች። ደግማ አየች። «ሱልፊ፣ ባጃጁን አስነሣ!»

ዕቃቸውን ለመውሰድ በቤት በኩል አለፉ። መቲልዳ ለሲግሩን የስንብት ስጦታ ብላ አንድ ጠርሙስ የማንጎ አቻር በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠቻት። ተሳሳሙ። ባልና ሚስቱ ከጂንሲ ጋር ባጃጁ ውስጥ ገቡ፤ ሱልፊ ሞተሩን አስነሣ፤ ባጃጁ ተነቃነቀ። መቲልዳ የአረንጓዴውን ሻርፕ ጫፍ ያየችው ያኔ ነው። ሻርፑ በጎን ወጥቶ ጎማው አጠገብ ይወዛወዛል። በአግነስ ግቢ ልሩጥ ብላ አሰበች፤ አይደረስም።

«ሲግሩን!»

መንገደኛው ሁሉ ቆመ። አግነስ በመስኮቷ ላይ ሆና ደረቷን ያዘች። ሱልፊ ሞተሩን አጠፋ።

«ሱልፊ፣ ለምን ታጠፋለህ?» አለች ጂንሲ። «ሻርፑን ሰብስባዋለች እኮ! ንዳው!»

«ከኋላ ተጠርታለች፤ አልሰማሽም?»

«እነሱ የውጭ ዜጋ ናቸው! እነሱን አይመለከትም!»

«ባጃጁ የውጭ ዜጋ አይደለም፤» አለ ሱልፊ። እጁን አጣጠፈ።

ጂንሲ ልትከራከር አፏን ከፈተች። ግን እሷም የፎርት ኮቺ ልጅ ናት። ቀስ ብላ ወረደች። ለእንግዶቹ ነገሩን አስረዳቻቸው። ሲግሩን ከዚህ በላይ የሚያስደስት ነገር በሕይወቷ የሰማች አይመስልም። ገብታ ተቀመጠች፤ ውኃ ተሰጣት፤ ቀስ ብላ፣ እያጣጣመች ጠጣች።

«ፈጠን ቢሉ...» አለች ጂንሲ።

«በፍጥነት ቢጠጣ ይሠራል?» ስትል ሲግሩን በጣም ተጨንቃ ጠየቀች።

እንደገና ተነሡ። ሲግሩን ቀድማ ወጥታ አንድ እግሯን ባጃጁ ላይ ስታሳርፍ ኦድቫር ከበሩ ላይ ሆኖ «ሲግሩን! ባርኔጣዬ አንቺ ጋ ነው?» አለ።

ሲግሩን እግሯን መለሰች። ማንም ሳይነግራት ዞረች፤ ገባች፤ ተቀመጠች። እጇን ዘረጋች። «ውኃ፤» አለች።

ጂንሲ ግድግዳውን ተደግፋ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ትሳቅ ታልቅስ መቲልዳ መለየት አቃታት። ልጄን በገዛ አፌ ሙስካት ሰደድኳት፣ አለች በልቧ። አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። ያኔ ጂንሲ ቀና አለች።

«እማ፣ ነይ ግቢ።»

«የት?»

«ከሱልፊ ጎን። ከፊት የተቀመጠ ሰው ከኋላ መጣራት አይችልም።»

ስለዚህ መቲልዳ ከነጃንጥላዋ በሾፌሩ መቀመጫ ጠርዝ ላይ በአንድ ጎኗ ተንጠለጠለች፤ ትራፊክ ቢያያቸው ኖሮ ሁሉንም ያስር ነበር፤ ይህንንም ለሱልፊ እስከ ድልድዩ ድረስ ስትነግረው ሄደች። ድልድዩ አፍ ላይ አንድ የጭነት መኪና ከፊቱ ካለው አውቶቡስ ጋር ሊገጥም ቀስ እያለ ይጠጋል። በመካከላቸው የቀረው ክፍተት ባጃጅ ብቻ የሚያሳልፍ ነው፤ እሱም እየጠበበ ነው። መቲልዳ ጃንጥላዋን አወዛወዘች።

«ልጄ! ልጄ! ጎማህ ሊፈነዳ ነው!»

የጭነት መኪናው ሾፌር ፍሬን ያዘ። አንገቱን አውጥቶ ወደ ታች ሲያይ ሱልፊ በክፍተቱ ሹልክ አለ።

«ቼቺ! ውሸት!»

«ምን ውሸት አለው? ሁሉም ጎማ አንድ ቀን ይፈነዳል።»

ወደቡ ላይ ሲደርሱ መርከበኞቹ መሰላሉን ሊያነሡ ገመዱን ይዘዋል። ሱሺላ ማዳም ጥቁር መነጽሯን አድርጋ፣ እጆቿን አጣምራ ቆማለች። ኦድቫር ሮጠ፤ በዚያ ዕድሜው መሮጥ እንደሌለበት መቲልዳ ከጎኑ እየሮጠች ነገረችው። ሲግሩን መሰላሉ ላይ ደርሳ ዞረችና ጂንሲ ያስተማረቻትን አልረሳችም፤ በዚህ አገር ሲሰናበቱ «ሄድኩ» አይባልም።

«ሄጄ እመጣለሁ!» አለች፤ ጠርሙሷን አቅፋ ወጣች።

መሰላሉ ተነሣ። ሱሺላ ማዳም መነጽሯን አወለቀች፤ ጂንሲን ከእግር እስከ ራሷ፣ መቲልዳን ከነጃንጥላዋ ተመለከተች።

«እደውልልሻለሁ፤» አለች። ፈገግታ የለም። ወደ መኪናዋ ሄደች።

ጂንሲ የእናቷን ጃንጥላ በትሕትና ተቀብላ ያዘችላት። ይኼ ነው መቲልዳን የገደላት። ብትሰድባት፣ ብትጮህባት በተሻለ። «ልጄ...» ብላ ልትጀምር ስትል አንድ ነገር እንደ ጦር ወጋት።

ማንኪያው።

ስለ አቻሩ ማንኪያ አልነገረቻትም! አቻር እርጥብ ማንኪያ ከነካው ይሻግታል። የሻገተ አቻር ሆድ ይበጠብጣል። አንዲት አሮጊት በባሕር መካከል ሆዷ ተበጥብጦ፣ ሐኪም በሌለበት፣ ከፎርት ኮቺ በመጣ አቻር... መቲልዳ ወደ መርከቡ ዞረች፤ አፏ ተከፈተ፤ መርከቡ ግን ጀርባውን ሰጥቷል። ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሰው ቢሆን ተመልሶ ይቀመጣል፣ ውኃ ይጠጣል። መርከብ ተመልሶ አይቀመጥም።

«ምን ሆንሽ ቼቺ?» አለ ሱልፊ። ነገረችው። ሱልፊ ጥቂት አሰበና ጥርሱ ታየ። «መርከቡ የሚወጣው በመረቦቹ በኩል አይደል?»

መቲልዳ አየችው። አርባ ዓመት የአግነስን ግቢ ያቋረጠች ሴት ሁለተኛ አልተነገራትም።

«ግቡ!»

«እማ፣ ምን ዋጋ አለው?» አለች ጂንሲ። «አብቅቷል እኮ።»

«ለሥራሽ አብቅቶ ይሆናል። ለሆዷ አላበቃም።»

ባጃጁ መንገዱን ሁሉ እየዘለለ ተመለሰ። መቲልዳ እንደ መጣችው ከፊት ተንጠልጥላ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሾፌርን «ፍጠን» አለች። ሱልፊ ደንግጦ መስታወቱን አስተካከለ።

መረቦቹ ጋ ሲደርሱ መርከቡ እንደ አንድ ሰፈር ፎቅ ተደራርቦ በቀስታ እየመጣ ነው። ከባሕሩ ዳር ሆኖ የሚጮህ ሰው አይሰማም። ሊሰማ የሚችለው ባሕሩ ላይ ከተንጠለጠለው የመረብ መድረክ ጫፍ ብቻ ነው፤ ከድንጋዮቹ ሥር፣ ሰው ከሚያልቅበት ሥፍራ። መቲልዳ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። በእርጥቡ ሳንቃ ላይ እግሯን እየፈተነች ሄደች፤ ጫፉ ላይ ቆመች፤ ከፊት ለፊት ለሚመጣው መርከብ እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣

«ደረቅ ማንኪያ!» ብላ ጮኸች። «በደረቅ ማንኪያ ብቻ!»

መርከቡ መጣ። ዓሣ አጥማጆቹ ምን እንደሆነ አያውቁም፤ ግን ቼቺ ከድንጋዮቹ ሥር ቆማ ከጮኸች ከባድ ነገር መሆን አለበት። ሁሉም ገመዳቸውን ትተው አብረው ጮኹ፤ ሱልፊ ከባጃጁ ላይ ጥሩምባውን ነፋ፤ በመጨረሻም ጂንሲ፣ ተስፋ የቆረጠ ሰው የሚያጣው ነገር የለውምና፣ ሳንቃው ላይ ወጥታ ከእናቷ አጠገብ ቆመችና አብራ ጮኸች። በመርከቡ አጥር ላይ መንገደኞች ተሰበሰቡ። በመካከላቸው አንድ እንደ ምሰሶ የረዘመ ሽማግሌ ግንባሩን በእጁ ይዞ ይታያል። አጠገቡ አንድ አረንጓዴ ነገር ተውለበለበ፤ ከዚያም ተሰብስቦ በጥንቃቄ አንገት ላይ ተጠመጠመ።

«ሰማች ይሆን?» አለች መቲልዳ። «ከሰማችም ‹እርጥብ› ያልኩ መስሏት እንደሆነስ?»

መርከቡ ሳይርቅ የጂንሲ ስልክ ጮኸ። ጂንሲ ስሙን አየችና ፊቷ ተለወጠ። ሱሺላ ማዳም ናት።

«ጂንሲ፣ እናንተ ምን እያደረጋችሁ ነው?» ድምፁ ከስልኩ ውጭ ድረስ ይሰማል። «ከመርከቡ ደወሉልኝ። መርከቡ በሙሉ ስለ ማንኪያ ነው የሚያወራው! ሴትዮዋ ደግሞ የዛሬው ቀን ከጉዞው ሁሉ ይበልጣል እያለች ነው።»

«ይቅርታ ማዳም፣ እናቴ...»

«እሱን ነው የምልሽ። ከሰኞ ጀምሮ ቋሚ ነሽ። ግን አንድ ነገር አለ፣ እናትሽ።»

ጂንሲ ዓይኗን ጨፈነች። «ገባኝ፤ ምክር እንዳትሰጥ አደርጋለሁ።»

«እንድትሰጥ ነው የምልሽ! ለሚቀጥለው መርከብ ምሳ እናንተ ቤት ነው። ሰዎቹ ሁሉንም ነገር መፍራት ይፈልጋሉ።»

መቲልዳ የልጇን እጅ ያዘች። ሙስካት፣ ከነሙቀቱና ከነተንቀሳቃሽ ደረጃው፣ ከመርከቡ ጋር እየራቀ ሲሄድ ታያት። ደስታው ግን እግሯ ድረስ ሳይደርስ ሌላ ነገር ቀደመው።

«ስንት ሰው ነው?»

«አሥራ ሁለት፤» አለች ጂንሲ ከስልኩ ሰምታ።

መቲልዳ ሳንቃው ላይ ቁጭ አለች። «አሥራ ሁለት ሰው! በዚያ ጉበን! ወንበሩስ? ውኃ ስጡኝ።»

«ማን ጠራሽ ቼቺ?» አለ አንዱ አጥማጅ ኮዳውን እያቀበላት።

ጂንሲ እየሳቀች ወደ ባጃጁ ተራመደች። ጥቂት ሄዳ ቆመች። እናቷን ታውቃታለች፤ ዋናው ነገር የሚመጣላት አሁን ነው፤ በዚህ ሳንቃ ላይ ደግሞ የአግነስ ግቢ የለም። ስለዚህ ዞረች። ፊቷን ወደ እናቷ አድርጋ፣ እጆቿን ዘርግታ፣ የኋሊት እርምጃ ጀመረች።

«በይ እማ፣ ይኸው ከፊት ነኝ። ተናገሪ!»

ውኃው ከመቲልዳ አፍ ተመለሰ።

«የኋሊት አትሂጂ! ልጄ! ሳንቃው እርጥብ ነው! ገመዱ! ኧረ ከኋላሽ ገመዱ!»